አስታዋሽ

ሃያ ሁለት ዓመት ቴአትር ቤት ውስጥ፣
ከመጋረጃው ጀርባ በርጩማ ላይ ስቀመጥ፣
ተዋናይ ቃል ሲስት፣ ምላሱ ሲያያዝ፣
ከጨለማው ሹክ ብዬ ነበር የማግዝ።
«አስታዋሽ» ነው ሙያዬ በደሞዝ መዝገብ ላይ፣
በኔ ቃል ሰው የሚያለቅስ፣ እኔን ግን የማያይ።
ስንቱን ንጉሥ አነገሥኩ፣ ስንቱን ጀግና አስለቀስኩ!
ባሌ ሲዛወር ግን
ማክሰኚት ደረስኩ።

እሱ መስኖ ነው ሥራው፤ ቦይ ይለካል፣ ውሃ ይከፍላል።
እኔስ ምን ልለካ?
ከጎንደር የሚወርደው መኪና ለአፍታ ቆሞ ያልፋል፤
ማክሰኞ ገበያው ነው፣ አህያው፣ ሽምብራው፣ ጩኸቱ፣
ረቡዕ ሲነጋ ግን ጭር ይላል መሬቱ።

የልጄን ፀጉር ሲቆርጥ ደርሶን ጠየቅሁት፤
«ቴአትር የሚባል ነገር የለም እዚህ?» አልኩት።
መቀሱን አቁሞ አየኝ በመስተዋት።
«ሐሙስ ፍርድ ቤት ግቢ፣ ክፍት ነው ችሎቱ፤
እዚያ ነው ወንድም ከወንድሙ የሚተውነው በርስቱ።»
ሄጄ አየሁ። አልዋሸም።
ከሳሹ ግን ንግግር አበዛ።

ቅዳሜ ጎንደር ወጣሁ። ግንቡን አየሁ፤ ያምራል፤
ግን ግንብ ቃል አይስትም፣
እኔን ምን ያደርገኛል?

ሐምሌ ላይ ቢሻው ሞተ፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ።
አላውቀውም። ለወጉ ያህል፣ ነጠላ አዘቅዝቄ፣
ከዕድሩ ድንኳን ዳር ተቀመጥኩ ተሸማቅቄ።
አንዲት ቀጭን ሴት ተነሣች። አስረበብ ይሏታል፤
ሻካራ ነው ድምጿ፣ እጇ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል።
ደረቷን አንዴ መታች፤
ድንኳኑ ዝም አለ። የማውቀው ዝምታ፣
መብራት ጠፍቶ መጋረጃው ሊከፈት ሲል ያለው አፍታ።

«ለሀገሩ ሁሉ በር ሲገጥም ኖሮ፣
ቢሻው ምነው ገባ በር ከሌለው ጓሮ?
መዶሻህን ስጠኝ፣ አንድ ጊዜ ልምታው፣
ሰማዩም ቆርቆሮ ነው፣ ይሰማ እንደሁ ጌታው።»

ዝናቡ ሸራውን መታ። ሴቶቹ ተቀበሏት።
አለቀስኩ እኔም፣ ለማላውቀው ሰው፤
ንግሥት ስድሳ ጊዜ ስትሞት አይቼ
ያዛጋሁት ሰው።

በሳምንቱ ማክሰኞ ደብተር ይዤ ሄድኩ።
ሽንኩርቷ አጠገብ፣ ጆንያው ላይ ቁጢጥ አልኩ።
«እትዬ አስረበብ፣ ያንን ግጥም ልጻፈው፣ ድገሚልኝ።»
«የቱን?»
«የቢሻውን።»
«የቢሻውማ የቢሻው ነው፤ ይዞት ሄደ።
ሬሳ ሳይኖር ከየት ይመጣል?
ስንት ኪሎ ልመዝንልሽ?»
ግማሽ ኪሎ ገዛሁ።
ከደብተሬ ባዶ ቅጠል ገንጥላ
ጠቀለለችልኝ።

ጥቅምት። ሌላ ድንኳን። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት እናት።
አስረበብ ጀመረች፣ ሄደች፣ ሄደች፣
ቤት ሊመታ ሲል ቆመች።
እጇ አየር ላይ ቀረ።
ያንን መቆም አውቀዋለሁ፤ ከጆሮዬ በፊት ጉልበቴ ያውቀዋል።
ሳላስበው ከኋላዋ ሹክ አልኩ፣
ቤት የሚመታ አንድ ቃል፣
ንጹሕ፣ ልክክ የሚል።

ዞራ አየችኝ።
ቃሌን አልወሰደችም።
ሌላ አመጣች ከራሷ፣ ቤቱን ገጭ የሚያደርግ፣ ሻካራ፣
እኔ በዕድሜዬ የማልደፍረው፣
ድንኳኑም ተንሰቀሰቀ።

ማምሻውን ቆቧን እየፈታች ጠራችኝ፤ ተቆጣችኝ መስሎኝ ነበር።
«ከኋላዬ ሁኚ» አለች፣ «ሰው በሞተ ቁጥር።
ደሞ አደራ፣
ደኅናውን ቃል እንዳትነግሪኝ።
የተሳሳተውን ስሰማ ነው
ደኅናው የሚመጣ።»